ልጅ ይዞ ከቤት መሥራት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ልጅ እያሳደጉ ከቤት ሳይወጡ ገቢ ማግኘትን በተመለከተ ከደረሱን ጥያቄዎች መካከል ስድስቱን መርጠናል። በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ዋጋዎች ጠያቂዎች የጻፉልን ወይም ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ ናቸው፤ በየሰፈራችሁ ዋጋ እየተካችሁ አስሉ።

ጥያቄ፦ በቀን 60 እንጀራ ጋግሬ ለሱቅ በ25 ብር አስረክባለሁ። ጤፉን በኪሎ 130 ብር ገዝቼ በ6 ብር አስፈጫለሁ፤ ከ1 ኪሎ 7 እንጀራ ይወጣልኛል። እኛ ቤት የምንበላውም ከዚያው ነው፣ በቀን 8 ያህል። ትንሿ ልጄ ገና ሁለት ዓመቷ ነው። ወገቤ እስኪቆረጥ ሠርቼ ወር ሲያልቅ እጄ ላይ የሚቀር የለም። የት ነው የሚሄደው? (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የት እንደሚሄድ የላኩልን ቁጥር ራሱ ይናገራል። 60 እንጀራ 8.6 ኪሎ ገደማ ዱቄት ይፈልጋል፤ ኪሎው ከነማስፈጫው 136 ብር ስለሆነ 1,166 ብር መጣ። ለመብራት 60 ብር እንያዝና ወጪው 1,226 ይሁን። 8 እንጀራ ቤት ተበላ፣ 3 ደግሞ ምጣድ ላይ ተቀደደ እንበል። ሱቁ የሚረከበው 49 ነው፤ በ25 ብር 1,225 ብር። በቀን አንድ ብር ከኪስዎ ያወጣሉ ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን ሥራው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። 8ቱን እንጀራ ከሱቅ በ30 ብር ገዝታችሁ ቢሆን ኖሮ በቀን 240 ብር ይወጣ ነበር። ልፋትዎ ቤተሰቡን እያበላ ነው፤ ጥሬ ገንዘብ ግን አላመጣም። በዚህ ሥራ የተሰማሩ ብዙ እናቶች ተስፋ የሚቆርጡት የቤቱንና የሥራውን ቦርሳ ስለሚያደባልቁ ነው። ከነገ ጀምሮ ለሥራው ብቻ የሚሆን ሌላ ቦርሳ ያዘጋጁ። አንድ እንጀራ ለእርስዎ የሚወጣበት 20 ብር ከ40 ሳንቲም ነው፤ ቤት ለሚበላው 8 እንጀራ ከአስቤዛው ገንዘብ 163 ብር አውጥተው ሥራው ቦርሳ ውስጥ ይክተቱ። ባለቤትዎም ይህን ሂሳብ ቢያውቁት ጥሩ ነው፤ «ምን ትሠሪያለሽ?» ለሚል ሰው መልሱ እዚያ ቦርሳ ውስጥ ይገኛል።

ቀጥሎ ገዢውን ይለውጡ፤ ሁሉንም ሳይሆን ከፊሉን። ሱቁ ላይ 5 ብርና ከዚያ በላይ ተጨምሮበት እንደሚሸጥ ያውቃሉ። ከ49ኙ 20ውን በ30 ብር በቀጥታ ለጎረቤት ቢያደርሱ በቀን 100 ብር ይጨምራል፤ ወሩ 25 የሥራ ቀን ቢኖረው 2,500 ብር ነው። አንድ የኮንዶሚኒየም ብሎክ ውስጥ በሳምንት ሁለቴ 5፣ 5 እንጀራ የሚወስዱ 14 ቤቶች ማግኘት ይበቃል። ዱቤ አይጀምሩ። ጎረቤት ለጎረቤት ዱቤ መከልከል ይከብዳል፣ እናውቃለን፤ ስለዚህ ገና ሲጀምሩ በሳምንቱ መጀመሪያ የሚከፈል አድርገው ይነጋገሩ።

አሁን ወደ ተቀደዱት እንምጣ። በቀን 3 እንጀራ ማለት በወር 75 ነው። አብዛኛው ችግር ያለው አብሲቱ ላይ፣ ማለትም ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውሃ የሚበስለው ላይ ነው። ሊጡ ሦስት ቀን ያህል ከቦካ በኋላ ከላይ የጠለለውን ውሃ ይድፉ፤ ለቀጣዩ የሚሆን እርሾ ግን ያስቀሩ። ከሊጡ ከአሥር እጅ አንዱን ቀንሰው ሁለት ሦስት እጥፍ በሚሆን የፈላ ውሃ ውስጥ እያማሰሉ እስኪወፍር ያብስሉት። ለብ እስኪል ጠብቀው ወደ ሊጡ ይመልሱና ኩፍ እስኪል ይተዉት። ትኩሱን ከመለሱት እርሾው ይሞታል፤ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ሲነሳም ይቀደዳል። አብሲት ካነሰ እንጀራው ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ከበዛ ደግሞ ይላቁጣል። ክረምት ላይ ማቦኪያውን ሞቅ ያለ ቦታ ማድረግና እርሾውን ትንሽ መጨመር ያስፈልጋል።

ምጣዱን በየመሐሉ በማሰሻ ይወልውሉ። ክዳኑን ዓይኑ ሳይከፈት ከደፉት እንጀራው ልሙጥ ይሆናል፤ ካዘገዩት ዳሩ ይደርቃል። ዳር ዳሩ ሲነሳ በሰፌድ አውጥተው ለየብቻ ያቀዝቅዙ። ትኩሱን በላይ በላዩ መደርደር ያልበዋል፤ ያላበው ይጣበቃል፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይሻግታል፣ ደንበኛም አይመለስም። የተቀደደው አይጣል፤ በንጹሕ ጨርቅ ላይ በደንብ ደርቆ ድርቆሽ ሲሆን ለመንገደኛ ይሸጣል።

አንድ ከባድ ነገር እንጨምር። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይጎትታል። በ220 ቮልት 3.5 ኪሎዋት ወደ 16 አምፒር ነው፤ ተራ ኤክስቴንሽን ይህን ለሦስት ሰዓት አይችልም፣ ይቀልጣል። ከቆጣሪው ሳጥን ራሱን የቻለ መስመር፣ 4 ሚሊሜትር ስኩዌር ገመድና ባለ 20 ወይም ባለ 25 አምፒር ብሬከር በባለሙያ ያስገቡ። ትክክለኛውን የመብራት ወጪ ለማወቅ ከመጋገርዎ በፊትና በኋላ ቆጣሪውን ያንብቡ። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የኪሎዋት ሰዓቱም ዋጋ ከፍ እያለ ስለሚሄድ፣ ሁለተኛ ምጣድ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ያስሉ። የሁለት ዓመት ልጅ ያለችበት ቤት ምጣዱ ከወለል ከፍ ብሎ፣ ገመዱም ከግድግዳው ጋር ተያይዞ ይሂድ። ከሁሉ የሚሻለው ልጅቷ ከመነሣቷ በፊት፣ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ሌሊት መጋገር ነው።

ጥያቄ፦ ዱባይ ያለችው እህቴና ዋሽንግተን ያሉ ዘመዶቻችን በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀሁ እንድልክላቸውና ለጓደኞቻቸውም እንድሸጥ ይጠይቁኛል። የስድስት ወር ሕፃን አለኝ። በስንት በርበሬ ልጀምር? ዋጋውንስ እንዴት ላውጣ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ በ10 ኪሎ ዛላ ይጀምሩ፤ ከዚያ በላይ ከሕፃን ጋር ለመቀንጠስም ለማድረቅም አይመችም። ዋጋ ሲያወጡ በገዙበት ኪሎ ሳይሆን በተጣራው ኪሎ ያስቡ። 10 ኪሎ በ500 ብር ገዝተው ተቀንጥሶና ተለቅሞ 8 ኪሎ ቢቀር፣ የአንዱ ኪሎ ዋጋ 625 ብር ሆኗል። በዚህ ላይ ቅመሙ፣ ወፍጮው፣ ማሸጊያውና የእርስዎ ቀን ይጨመርበታል።

ግዢው ላይ አይቸኩሉ። ከየማዳበሪያው መሐል ጥቂት ዛላ አውጥተው ቀደው ይዩ። ውስጡ ነጭ ወይም ግራጫ ሻጋታ ካለው፣ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። ከሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ በመቁላትም በማድረቅም አይጠፋም። ውሃ ተረጭቶበት ክብደቱ የጨመረ በርበሬም ገበያ ላይ አለ፤ ሲታጠፍ ይለመጣል። የደረቀው ቀጭ ብሎ ይሰበራል፣ ሲያናውጡት ፍሬው ይንኳኳል።

ለ5 ኪሎ ለተጣራ በርበሬ 1 ኪሎ ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ ኪሎ ዝንጅብል፣ አንድ ጥሩ እስር በሶብላ፣ ሩብ ኪሎ ኮረሪማ፣ 100 ግራም ጥቁር አዝሙድ፣ 100 ግራም ነጭ አዝሙድና ግማሽ ኪሎ ጨው መነሻ ይሁንዎት፤ እጅ እጅን አይመስልም፣ የራስዎን ልክ ደንበኞችዎ ይነግሩዎታል። እርጥቡ ቅመም ከድቁሱ ጋር ተወቅጦ አንድ ሌሊት ተከድኖ ያድራል፤ ከዚያ ተዘርግቶ እስኪንኮሻኮሽ ይደርቃል። ደረቁ ቅመም ለየብቻ መለስ ቀለስ ተደርጎ ይታመሳል። ስንት ግራም እንዳስገቡ ደብተር ላይ ይጻፉ፤ ባለፈው የወደዱትን ጣዕም ዳግመኛ ካላገኙት ደንበኞች ይሸሻሉ።

ወፍጮ ቤት ሲሄዱ ከእርስዎ በፊት ምን እንደተፈጨ ይጠይቁ፤ የበቆሎ ዱቄት የቀረበት ወፍጮ የመጀመሪያውን ኪሎ ያበላሻል። ያንን ኪሎ ለይተው ለቤት ያድርጉት። ተፈጭቶ የወጣው በርበሬ ትኩስ ነው። በትኩሱ ላስቲክ ውስጥ ከገባ ላብ ይይዛል፤ ደንበኛው አገሩ ገብቶ ሲከፍተው የሻገተ ያገኛል። በንጹሕ ነጠላ ላይ ዘርግተው አንድ ሌሊት ካቀዘቀዙ በኋላ በደብል ላስቲክ ያሽጉ፤ ክብደቱንና የተዘጋጀበትን ቀን ይጻፉበት። ሽሮውም እንዲሁ ነው፤ ክኩ በደንብ ካልታመሰና ካልደረቀ ይነቅዛል።

ሕፃኑ በርበሬ በሚቀነጠስበትና በሚነፋበት ክፍል አይግባ፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። ጓንት ያድርጉ። ከማጥባትዎ በፊት ልብስዎን ይቀይሩና እጅዎን መጀመሪያ በዘይት አሽተው ከዚያ በሳሙና ይታጠቡ፤ የሚያቃጥለው ነገር በዘይት እንጂ በውሃ ብቻ አይለቅም።

ከዘመድ ትዕዛዝ ሲቀበሉ ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ይጠይቁ፤ ዛላው የሚገዛው በዚያ ነው። መንገደኛ ለራሱ ፍጆታ በሻንጣው የሚይዘውና በካርጎ ለሽያጭ የሚላከው የተለያዩ ናቸው። ለሽያጭ የሚወጣው የላኪነት ንግድ ፈቃድ ይፈልጋል። እዚሁ ለሱቆች ማከፋፈል ሲጀምሩም የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ንግድ ፈቃድ ለማውጣት ወደ ወረዳው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም «ቤትሽ ሆነሽ ቪዲዮ ላይክ እያደረግሽ በቀን 600 ብር» የሚል ሥራ አግኝቼ መጀመሪያ ቀን 150 ብር በእርግጥም ገባልኝ። አሁን «ደረጃሽን ለማሳደግ 5,000 ብር አስገቢ» ይሉኛል። ሁለት ጓደኞቼንም አስገብቻለሁ። ልክፈል? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይክፈሉ። አንድ ብርም። 150 ብሩ ማጥመጃ ነው፤ የተከፈለዎትም እርስዎ 5,000 እንዲያስገቡ ነው። ካስገቡ በኋላ ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር ያድጋል፣ 8,000፣ 12,000 ይላል። ሊያወጡት ሲሞክሩ «ታክስ»፣ «የማስለቀቂያ ክፍያ»፣ «ስህተት ስለሠራሽ ማስተካከያ» እያሉ ደግመው ያስከፍላሉ። መጨረሻ ላይ ግሩፑ ይዘጋል።

እንዲህ ዓይነት ነገር ሲገጥምዎ፣ የሚከፈለኝ ገንዘብ ከማን ኪስ ነው የሚመጣው ብለው ይጠይቁ። እንጀራ ሲሸጡ ገንዘቡ ከበላተኛው ይመጣል። እዚህ ግን ገዢ የለም፤ ያለው ከእርስዎ በኋላ የሚገባ ሰው ብቻ ነው። አዲስ ሰው በማስገባት የሚከፈልበት የፒራሚድ አሠራር በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። «እስክሪብቶ እያሸግሽ፣ ዶቃ እየሰካሽ እንረከብሻለን» ብለው የመመዝገቢያና የዕቃ መያዣ የሚያስከፍሉትም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ሠርተው ሲያመጡ «ጥራቱ አልደረሰም» ይባላል። አሠሪ ለሠራተኛ ይከፍላል እንጂ ሠራተኛ ለአሠሪ አይከፍልም።

ዛሬውኑ ለሁለቱ ጓደኞችዎ ይደውሉ፤ ያፍሩ ይሆናል፣ ቢሆንም ይደውሉ። ንግግሩን፣ የላኩበትን የሂሳብ ቁጥርና የስልክ ቁጥር በስክሪን ፎቶ ያስቀምጡ። ከጓደኞችዎ መካከል ገንዘብ ያስገባ ካለ ወዲያውኑ ለባንኩ፣ በቴሌብር ከሆነ ደግሞ በ127 ያሳውቅ፤ ሰዓታት ካለፉ ገንዘቡ ተቀባዩ ዘንድ አይገኝም። ቀጥሎም ለፖሊስ ያመልክት። የሚስጥር ቁጥርና በመልእክት የሚመጣ ኮድ ለማንም አይሰጥም። ከጥቂት ቀናት በኋላ «የተበላብህን ገንዘብ እናስመልሳለን» የሚል ሰው ከመጣም ያው የቀድሞው ሌባ ነው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ መምህርት ናት፤ ልጆቹን ቀን የምይዘው እኔ ነኝ። ግቢያችን ሰፊ ነው። 50 የእንቁላል ዶሮ ላስገባ አስቤያለሁ። ያዋጣል? (አባት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድማችን፣ የሚያዋጣው ለመኖ የሚሆን ገንዘብ ካስቀመጡ ብቻ ነው። የ45 ቀን ጫጩት ቢገዙ እንቁላል የሚጀምሩት አምስት ወር ገደማ ሲሞላቸው ነው። ከሦስት ወር በላይ ያለ ገቢ ይመገባሉ፤ ለ50 ዶሮ ከ3 ኩንታል በላይ መኖ ይያዙ። አብዛኛው ጀማሪ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው፦ ገንዘቡን ለጫጩትና ለቤቱ ይጨርስና በአራተኛው ወር መኖ ሲያጥር ስንዴ ፍርፋሪና ፉርሽካ ብቻ ይሰጣል፤ ዶሮዎቹ ዘግይተው፣ ጥቂት ብቻ ይጥላሉ።

መጣል ከጀመሩ በኋላ አንዷ በቀን 115 ግራም ያህል ትበላለች፤ 50ዎቹ 5.75 ኪሎ፣ በወር ከ170 ኪሎ በላይ። ደህና ከተያዙ በቀን 40 እንቁላል ይጠብቁ። አንድ እንቁላል 144 ግራም ያህል መኖ ይፈጃል ማለት ነው። መኖ በኪሎ 60 ብር ቢሆን የእንቁላሉ የመኖ ወጪ ብቻ 8 ብር ከ65 ሳንቲም ይደርሳል። የሰፈርዎን የእንቁላል ዋጋ ከዚህ ጋር ያወዳድሩ፤ ልዩነቱ 3 ብር ካልሞላ አይግቡበት፣ ክትባቱና የሚሞተው ይበላዋል።

8 ሜትር ካሬ ወለል ለ50 ዶሮ ይበቃል። የደብረ ብርሃን ብርድ ለጫጩት ከባድ ስለሆነ ነፋሱ የሚመጣበትን ግድግዳ ይድፈኑ፤ ከላይ ግን አየር ያውጣ፣ አለዚያ የአሞኒያው ሽታ ዓይናቸውን ያጠፋል። ጉዝጓዙ ሲረጥብ ወዲያው ይቀየር። ፈንግል አንዴ ከገባ ቤቱን ሙሉ ስለሚጨርስ፣ ክትባቱ ምን ላይ እንደደረሰ ከሻጩ በጽሑፍ ይቀበሉና ቀሪውን ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ይቀጥሉ። ልጆች እንቁላል መልቀም ይወዳሉ፤ ይልቀሙ፣ ግን ከዶሮ ቤት ሲወጡ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ጥያቄ፦ የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀረው። ሥራ ለቅቄ ቤት ሆኜ መተርጎምና መጻፍ ብጀምርስ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ደመወዙን ከመልቀቅዎ በፊት ሥራውን ይሞክሩት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ደግሞ ከወሊድ በኋላ ነው። የእርስዎ በሥራ ቀን ይሁን በካላንደር ቀን እንዴት እንደተቆጠረ መጀመሪያ ያረጋግጡ። ያልተጠቀሙበት የዓመት ፈቃድ ካለም እዚያ ላይ መጨመር ይጠይቁ።

በቀሩት ሳምንታት አንድ እውነተኛ ሥራ፣ ለምሳሌ 10 ገጽ ትርጉም፣ ከሚያውቁት ድርጅት ተቀብለው ይሥሩ። ሕፃኑ ሲተኛ ብቻ ሠርተው ስንት ሰዓት እንደፈጀ ይጻፉ። ጡት የሚጠባ ልጅ ያላት እናት ያለረዳት በቀን ከሁለትና ሦስት ሰዓት በላይ ያልተቆራረጠ ጊዜ ማግኘቷ ብርቅ ነው። በዚህ ፍጥነት በወር ስንት ገጽ እንደሚደርስልዎ አስልተው በገጹ ዋጋ ያባዙና ከደመወዝዎ ጋር ያነጻጽሩ። ቀን የሚይዝልዎ ሰው ከቀጠሩም ክፍያው ይቀነስ። ከውጭ አገር ደንበኛ የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ የክፍያውን መንገድ ከሥራው በፊት ይጨርሱ፤ በፔይፓል ከኢትዮጵያ መላክ እንጂ መቀበል አይቻልም።

ጥያቄ፦ ጎረቤቶቼ ልጆቻቸውን ቀን እንድይዝላቸው ይጠይቁኛል። ስንት ልቀበል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ የራስዎን ጨምሮ ከአራት አይብለጡ፤ ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ደግሞ ከአንድ በላይ አይኑር። እሳት ቢነሳ በሁለት እጅዎ ስንት ልጅ ይዘው መውጣት እንደሚችሉ ያስቡ። ከእያንዳንዱ ወላጅ ጋር አንድ ገጽ ስምምነት ይጻፉ፦ የመረከቢያና የመመለሻ ሰዓት፣ ለዘገየ ሰዓት የሚጨመር ክፍያ፣ ምግቡን ማን እንደሚያመጣ፣ ልጁ የማይስማማው ነገር፣ ከወላጅ ሌላ ማን ሊወስደው እንደሚችል። ትኩሳት ወይም ተቅማጥ ያለበት ልጅ አይገባም የሚለውንም ይጻፉ፤ ይህን ካልጻፉ አንዱ ታሞ አራቱም ይታመማሉ፣ የሳምንቱ ገቢም ይቀራል። ክፍያው በወሩ መጀመሪያ ይሁን። ቁጥሩን ለማሳደግ ካሰቡ ለሕፃናት ማቆያ የሚያስፈልገውን ፈቃድ በክፍለ ከተማዎ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ ከሚከታተለው ጽሕፈት ቤት አስቀድመው ይጠይቁ።